ልጅ ይዞ ከአዲስ አጋር ጋር መኖር፦ የትኛው ገንዘብ ይቀጥላል?

እንግሊዝ ያለች ዘመዳችሁ «ከፍቅረኛዬ ጋር መኖር ስጀምር ድጎማዬ ተቀነሰ» ብላችሁ ይሆናል። እዚያ አብረው የሚኖሩ ጥንዶች የሚያመለክቱት በጋራ ነው፤ የሁለቱም ገቢ ይቆጠራል።

እኛ ጋር ልጅ ብቻውን ለሚያሳድግ ወላጅ ተብሎ የተለየ ወርሃዊ ድጎማ የለም። ግን ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ብዙ ቤት በሦስት ገንዘቦች ይደገፋል፦ በቀለብ፣ በጡረታ አበልና በሴፍቲኔት። አንድ በአንድ እንያቸው።

1. ቀለብ
የልጁ መብት ነው። እናት ሌላ ሰው ጋር ስለገባች የአባት ግዴታ አይቀርም። «አሁን የሚያኖርሽ አገኘሽ» ብሎ በራሱ ማቆም አይችልም፤ ፍርድ ቤት የወሰነውን የሚቀይረው ፍርድ ቤት ነው። መጠኑም የሚታየው በልጁ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ነው።

ጥንቃቄ፦ በፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) ሳይጠየቅ 3 ወር ያለፈው ውዝፍ ቀለብ ሊቀር ይችላል። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ አዳማ ያላችሁ የምትዳኙት በዚያ ነው። የትም ሁኑ፣ አትዘግዩ።

2. የሟች ጡረታ
በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 714 ለሟች ሚስት ወይም ባል የጡረታው 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ ይከፈል ነበር። ሚስት ከ45፣ ባል ከ50 ዓመት በታች ሆነው ዳግም ካገቡ የራሳቸው ድርሻ ይቋረጥ ነበር። የልጁ ድርሻ ግን የልጁ ነው። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ 1267 ተተክቷል፤ ስለዚህ ከቀለበት ወይም ከኒካ በፊት ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ሄዳችሁ ፋይላችሁን አሳዩ።

3. ሴፍቲኔት
የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ሲጀመር አዳማ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ምርጫው በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው። ገቢ ያለው ሰው ቤት ሲገባ የቤተሰቡ ሁኔታ እንደገና ሊታይ ይችላል። መደበቅ አያዋጣም፤ መራጩ ኮሚቴ የሰፈር ሰው ነው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ያውቃል።

ምን እናድርግ?
• ቀለብ በባንክ ወይም በቴሌብር ተቀበሉ፤ ማስረጃ ይሆናችኋል።
• የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የፍርድ ቤት ውሳኔ በእጃችሁ ያዙ፤ ፎቶውንም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።
• ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ከአዲሱ አጋር ጋር ስለ ልጁ ወጪ በግልጽ ተነጋገሩ።

ባጭሩ፦ የልጁ የሆነው ከልጁ ጋር ይቀጥላል፤ የቤቱ የሆነው ቤቱ ሲለወጥ ይለወጣል።