የመጦሪያ መሬት በበጌምድር

በቀድሞው ዘመን ልጅ ወላጁን የሚጦረው ያለ አንዳች ዋጋ፣ በፍቅርና በፈሪሃ እግዚአብሔር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ገንዘብ በመካከል ገብቶ ነገሩን አበላሸው የሚለው ወቀሳ በየልቅሶ ቤቱና በየሰንበቴው ይሰማል። ይሁን እንጂ ከጉና ተራራ ግርጌ አንሥቶ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ የተዘረጋው ደጋ ለብዙ ዘመናት የኖረበትን የርስት ሥርዓት ረጋ ብሎ ለመረመረ ሰው፣ አረጋዊን መጦር በዚህ አገር ዋጋ ያልነበረው ጊዜ አይገኝም። ዋጋው መሬት ነበር።

በርስት ሥርዓት ወንዱም ሴቷም ልጅ ከአባትም ከእናትም ወገን ድርሻ ስላላቸው፣ የወላጅ ኃይል ከመስጠቱ ይልቅ በማዘግየቱ ላይ ነበር። አባት ልጁን ሲድር ከእርሻው ቈርሶ ይሰጠዋል፤ ነገር ግን አስተዋይ የሚባለው፣ ጉልበቱ በደከመና ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ የሚያበላውን ቁራሽ ለራሱ ያስቀረ ነበር። ያችም የቀረችው መሬት በመጨረሻው ከጎጆው ሳይለይ እሳቱን ላነደደለት፣ ውኃውን ለቀዳለትና ገብሱን ለቈላለት ልጅ ትሆናለች። ቅኔ ፍለጋ ወጥቶ ወይም ጌታ ተከትሎ ዘምቶ የቈየው ወንድም ለአባቱ ተዝካር ሲመለስ፣ እኩል ሊካፈል ያሰበው እርሻ ጎድሎ ያገኘዋል፤ ሙግቱም ከዚያ ይጀምራል። ራስ ጉግሣ መርሶ የመሠረቷት ደብረ ታቦር የራሶች መቀመጫ በሆነችበት ዘመን፣ ርስት ርስት እያለ ወደ ችሎት ከሚመጣው ባላገር መካከል «እኔ ጧሪ ነኝ» የሚለው ጥቂት ነበር ብዬ አላምንም።

ይህ ነገር በቃል ብቻ ተንጠልጥሎ አይቀርም ነበር። አረጋዊው የነፍስ አባቱንና የአገር ሽማግሎችን ጠርቶ ይናዘዛል፤ ጧሪው ዋስ ይጠራል፤ ውሉን ያፈረሰ እንደ ሆነም የነፍስ አባቱ ግዝት ይጠብቀዋል። ጎንደር የመንግሥት መናገሻ በነበረችበት ዘመንና ከዚያም በኋላ በታላላቅ አድባራት የርስት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ በወንጌሉ መጽሐፍ ክፍት ገጾችና ኅዳጎች ላይ፣ የምስክሮችና የዋሶች ስም እየተዘረዘረ ይጻፍ እንደ ነበር ይታወቃል። ቅዱስ መጽሐፍ የመዝገብ ቤት ሥራ መሥራቱ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ቢመስል እንኳ፣ ከዚያ የበለጠ የታመነ ማኅደር በአገሩ አልነበረም። ጧሪው የሚገባው ግዴታ ደግሞ ማብላትና ማልበስ ብቻ አልነበረም፤ መቅበር፣ ፍትሐት ማስፈታት፣ በአርባው ቀንና በሙት ዓመቱ ተዝካር ማውጣት ሁሉ አለበት። በእኔ ግምት ብዙውን ጊዜ ከመጦሩ ይልቅ መቅበሩ ይከብድ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ በዓመት የሚበላውን እህል አንድ ተዝካር በአንድ ቀን ይጨርሰዋልና።

ልጅ ያልወለደ ሰውም መንገድ አላጣም። በጡቱ ወይም በአውራ ጣቱ ላይ ማር ቀብቶ በምስክር ፊት በማስላስ የጡት ልጅ ያደርጋል፤ ያም ልጅ ርስት ይወርሳል፣ ይጦራልም። ሌላው መንገድ ምንኵስና ነበር። ብዙ ባልቴትና ብዙ አረጋዊ፣ ልጆች ከተዳሩ በኋላ ቆብ ደፍተው፣ ለዓለም እንደ ሞተ ሰው ጸሎተ ግንዘት ተደርሶላቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ በተሠራች ደሳሳ ጎጆ የቀረውን ዕድሜ ያሳልፉ ነበር። ከነዚህም መካከል መሬት የነበራቸው ለደብሩ ሰጥተው በለውጡ የዕለት ድርጎ፣ መቃብርና ጸሎት ያገኛሉ። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 7፣ ለወላጅ የሚገባውን «ቍርባን ነው» እያሉ የሚከለክሉትን ሰዎች መገሠጹን የሚያውቁ ሊቃውንት፣ እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ ወላጁ ራሱ መባ አቅራቢ ሆኖ ሲያዩት ምን ይሉ እንደ ነበር ማወቅ እወድ ነበር።

ያረጀ ወታደር ማደሪያ መሬት ይሰጠው ነበር፤ ይህ ግን የባለሥልጣን ፈቃድ የሚከተል ነውና ጌታው ሲሻር ወይም ዘመን ሲገለበጥ ይናወጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲጓዙ ደብረ ታቦርን ማቃጠላቸው፣ በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ለተጠጋ ሽማግሌ ጥላው ምን ያህል ቀጭን እንደ ነበር ያሳያል።

የዘመናዊው ሕግ መምጣት ለደጋው አረጋዊ የጨመረለት ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅ ለችግረኛ ወላጁ ቀለብ እንዲሰጥ ግዴታ አደረገ፤ በ1953 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ሲታወጅም ደመወዝተኛ የነበረ ጡረተኛ ሆነ፤ ገበሬው ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አልነበረም።

ጥንታዊውን ውል ከሥሩ የነቀለው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው። አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ ማውጣቱ ሊካድ አይገባም፤ ዳሩ ግን መሬት እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥና እንዳይከራይ ሲከለክል፣ ከባለይዞታው ሞት በኋላ መሬቱ የሚያልፍለትንም ሰው ራሱ ሲወስን፣ ሽማግሌው «ለጦረኝ እሰጣለሁ» የማለትን ሥልጣን ነጠቀው። ያ ሥልጣን ደግሞ ብቸኛ ሀብቱ ነበር። ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ረኃብና ሰፈራ፣ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ድልድል ተከታተሉ፤ በድልድሉ ከቀድሞው አስተዳደር ጋር አገልግለዋል ተብለው መሬታቸው ከተቀነሰባቸው መካከል ጸጉራቸው የሸበተ ብዙዎች ነበሩ።

ከ1998 ዓ.ም. የክልሉ የገጠር መሬት ሕግ ወዲህ መሬትን ማውረስ፣ በስጦታ መስጠትና ማከራየት ተፈቅዷል፤ «ጧሪ» የሚለው ስምም ወደ ሕግና ወደ ፍርድ ቤት ተመልሷል። ሆኖም የይዞታው ደብተር የሚይዘው መሬት ለአንድ ልጅ እንኳ የማይበቃ ቁራሽ ሆኗል። በሬ የሌላት ባልቴት እርሻዋን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ግማሹን ምርት ትቀበላለች፤ በእብናት፣ በላይ ጋይንትና በስማዳ ጉልበት የሌለው አረጋዊ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሥራ ሳይጠየቅ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን ሰብስቦ የሚይዘው መቄዶንያም በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው በሩቅ፣ በአዲስ አበባ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የሠለጠነው ግን በአዲስ አበባ ወይም በዐረብ አገር ሆኖ በየወሩ የሚልክ ልጅ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ በባንክ ለእናቱ ጎረቤት ወይም ዘመድ ለሆነች ሴት ይደርሳል፤ ተቀባይዋም እናትየውን ታበላለች፣ ልብሷን ታጥባለች፣ ሌሊት ሲያማት ትነሣለች። ስለ እድር ክፍያና ስለ መቃብር ሥፍራ የተጻፈ መተዳደሪያ በየመንደሩ ሲገኝ፣ ይህ ሥራ ግን ምን ያህል እንጀራ፣ ስንት ጊዜ ማጠብ፣ ሕመም ሲጸና ማን ወደ ሐኪም እንደሚወስድ ሳይጻፍ፣ ዋስ ሳይጠራና የነፍስ አባት ሳይሰማ በስልክ ብቻ ይነገራል። የላኪው ብር ሲዘገይ ተቀባይዋ ለማን አቤት እንደምትል፣ አደራው ሲጓደልም ላኪው ማንን እንደሚጠይቅ የሚያመለክት ሽማግሌ እስከ ዛሬ አልተሰየመም።