ጥቁሩ እንጨት፦ ከፈርዖኖች ወንበር እስከ ክላርኔት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2300 ገደማ የግብፁ ሹም ሃርኹፍ ያም ከሚባለው የደቡብ ምድር 300 አህዮች አስጭኖ ተመለሰ። አስዋን ባለው መቃብሩ ግድግዳ ላይ ከተዘረዘሩት ሸቀጦች መካከል እጣንና ጥቁር እንጨት ይገኙበታል። ንግሥት ሃትሼፕሱት ፑንት ወደሚባለው ምድር የላከቻቸው መርከቦችም ይህንኑ እንጨት ይዘው ተመልሰዋል። በፈርዖኑ ቱታንክሃሙን መቃብር የተገኘው የልጅነት ወንበሩ የተሠራው ከጥቁር እንጨት ሲሆን፣ በዝሆን ጥርስ አጊጧል። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቶስ ደግሞ ከግብፅ በስተደቡብ የሚኖሩት ሕዝቦች ለፋርስ ነገሥታት ከሚያቀርቡት ስጦታ ውስጥ 200 ግንድ ጥቁር እንጨት ይቆጥራል።

ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ የፈርዖኖች ጥቁር እንጨት በአብዛኛው የሮዝውድ ወገን ከሆነው ከዳልበርጂያ ሜላኖክሲሎን የተገኘ ነው። ዛፉ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ከዚያም ወደ ደቡብ እስከ ሞዛምቢክና ደቡብ አፍሪካ በደረቅ ቆላ ይበቅላል። በእኛ ሰሜናዊ ቆላ ከእጣን ዛፍ ጋር ተጎራብቶ ይኖራል፤ ዞቢ ይሉታል። በስዋሂሊ ምፒንጎ ነው፤ የታንዛኒያም ብሔራዊ ዛፍ ነው።

ሲያዩት ግርማ የለውም። አጭር፣ እሾሃም፣ ብዙ ጊዜም ጠማማ ነው። ሀብቱ ያለው ከስሱ ነጣ ያለ ሽፋን ሥር፣ ወደ ወይን ጠጅ በሚያደላው ጥቁር የግንዱ ልብ ውስጥ ነው። ልቡ ከውኃ ስለሚከብድ ይሰጥማል፤ ቅባትነት ስላለው የሙዚቀኛው ትንፋሽ እርጥበት ቶሎ አያበላሸውም፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎችንም በትክክል ይይዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መሣሪያ ሠሪዎች ቀድሞ ክላርኔትና ኦቦ የሚሠሩበትን ቢጫማ እንጨት ቀስ በቀስ በዚህ የተኩት ለዚህ ነው። የስኮትላንዶቹ ባግፓይፕ ቧንቧዎችም በአብዛኛው የሚሠሩት ከዚሁ እንጨት ነው። በሞዛምቢክና በታንዛኒያ የሚኖሩት የማኮንዴ ቀራጮች ደግሞ ሰው በሰው ላይ የተደራረበባቸውን ረጃጅም ምስሎች ከአንድ ግንድ ይፈለፍላሉ። በእኔ ዓይን የእነሱ ሥራ ከማንኛውም ክላርኔት አያንስም።

ችግሩ ዛፉ አለመቸኮሉ ነው። ለመሣሪያ የሚበቃ ግንድ ለማውጣት ከ70 እስከ 100 ዓመት ይፈልጋል። ያም ሆኖ ልቡ ብዙ ጊዜ የተቦረቦረ ወይም የተሰነጠቀ ስለሆነ፣ ከተቆረጠው ለክላርኔት የሚተርፈው ጥቂቱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ የሮዝውድ ወገን በሙሉ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገባ። ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን ይዘው ድንበር መሻገር ስለተቸገሩ፣ በ2019 የተጠናቀቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከቁጥጥሩ ነፃ ሆኑ።

ከወረቀቱ ይልቅ ተስፋ የሚሰጠው በደቡብ ታንዛኒያ፣ በኪልዋ የተሠራው ነው። መንደርተኞቹ የደናቸው ባለቤትነት በሕግ ተረጋገጠላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2009ም ለደናቸው ኤፍ.ኤስ.ሲ. የተባለውን ዓለም አቀፍ የጥሩ አያያዝ ምስክር ወረቀት አገኙ። ዛፉን የሚሸጡት ራሳቸው ስለሆኑ የሚጠብቁትም ራሳቸው ናቸው። በኪሊማንጃሮ አካባቢ ደግሞ ሴባስቲያን ቹዋ የተባለ ታንዛኒያዊ የዕፅዋት ባለሙያ ከትምህርት ቤት ልጆችና ከመንደር ሴቶች ጋር ለዓመታት ችግኙን አፍልቷል።

ማፍላቱ ከባድ አይደለም። ዘሩ እንደ ወረቀት በሳሳ ፍሬ ውስጥ ይገኛል፤ ለአንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ መዝራት ይበቃል። ከተተከለ በኋላ ግን ጥላና አረም አይችልም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከእሳትና ከከብት ካልተጠበቀ አይተርፍም። ከጠና በኋላ ከጉቶውና ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ከሥሩ ጋር በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነትም ለአፈሩ ናይትሮጅን ይሰጣል።

በእኛ ቆላ ዞቢ ለእርሻ መሣሪያ እጀታ፣ ለቤት ምሰሶና ለማገዶ ይቆረጣል፤ ፍየል ቅጠሉን ትበላለች፤ ጫካው ለሰሊጥ እርሻ ይመነጠራል። የቆላ ወረዳ የደን ባለሙያዎች፣ በየክረምቱ ከምታፈሉት ችግኝ መካከል ለዞቢ መደብ ስጡት። ከዚያ በፊት ግን የቆሙትን ቁጠሩ፤ ጥበቃቸውንም ጥቅማቸውንም ለአካባቢው ገበሬ በሕግ አስረክቡ።