ሐኪም ባልነበረበት ዘመን ወባን ማን ያክም ነበር?

ሶደሬ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፍል ውሃውና ጦጣዎቹ ናቸው። ግን አጠገቡ ያለው አዋሽ ዳር ዳሩን ሲያቁር ለወባ ትንኝም ይመቻል። ታዲያ ወባን ማን ይከላከል? ሐኪም ብቻ እንዳትሉ!

በ1940ዎቹ አገሪቱ የነበሯት ሐኪሞች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ እነሱም በብዛት ከተማ ውስጥ። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎችን በቡድን ማሠልጠን ጀመረ። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ጤና ጣቢያውንም ይመራል፤ የኅብረተሰብ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፤ ሳኒታሪያኑ የውሃውንና የመጸዳጃውን ነገር ይቆጣጠራል።

ብዙም ሳይቆይ፣ ከ1950 መጨረሻ እስከ 1951 ዓ.ም.፣ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ተነሳ። ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደያዘና 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። ከዚያ በኋላ ወባን ለማጥፋት ራሱን የቻለ ድርጅት ተቋቋመ፤ ለወባ ሠራተኞችም ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ ላይ፣ ማሠልጠኛ ነበረ።

ዛሬስ? ጤና መኮንን መሆን የፈለገ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይይዛል። ዲግሪ ብቻውን ግን አያሠራም። አገር አቀፉን የብቃት ምዘና ፈተና ማለፍ፣ ከዚያም ተመዝግቦ የሙያ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ ሰው መርፌ የያዘውን ባለሙያ «ተምረሃል ወይ?» ብሎ ሊፈትነው አይችልም። ምዝገባው ይህን ጥያቄ ቀድሞ ይጠይቅለታል።