የሺህ ዓመት ርስት

ተማሪ ምንም ሳያውቅ ቢመጣ የመምህሩ ሥራ ቀላል ነው፤ ያወቀ መስሎት ሲመጣ ግን ድካሙ እጥፍ ይሆናል። ይህን ነገር በደንብ የተረዳሁት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የጽዮናውያንን ማኅበርና የእስራኤልን መንግሥት አመሠራረት ባስተማርሁበት ዘመን ነው።

ለአገራችን ልጅ ጽዮን የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። ዳዊት ሲደገም እየሰማ ያደገ፣ ኅዳር ጽዮንን ያከበረ ልጅ ጽዮን ሲባል እመቤታችንን ያስባል፤ የአክሱምን ታቦት ያስባል፤ መንግሥተ ሰማያትንም ያስባል። እንደዚህ ላለው ልጅ፣ በ1897 ዓመት (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) በስዊስ አገር ባዝል በተባለች ከተማ ሁለት መቶ የሚያህሉ ሰዎች የክብር ልብስ ለብሰው በሙዚቃ አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ሊቀ መንበር መርጠው፣ መዋጮ ወስነው የጽዮናውያንን የፖለቲካ ማኅበር አቆሙ ብሎ መንገር አስቸጋሪ ነው። ልጁ የሚጠብቀው ነቢዩ ኢሳይያስን ነው፤ እኔ የማቀርብለት ቃለ ጉባኤ ነው። የመዋጮው ስም ሰቅል እንደ ነበረ ስነግራቸው ብቻ፣ ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለሚያውቁት ፈገግ ይሉ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ለብዙ ዓመት ቀላሉን መንገድ ሄጃለሁ። ትንቢቱንና ታሪኩን አንድ አድርጌ፣ ሮማውያን በ70 ዓመት ኢየሩሳሌምን ካፈረሱበት ተነሥቼ በአንድ ዝላይ 1948 ላይ እደርስ ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ጨርሼ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ ባልሁ ጊዜ፣ ከፊት የተቀመጠ ንግግር የሚወድ ልጅ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ይህማ ምን ጥያቄ አለው? ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ ነው» አለ። ክፍሉ ሣቀ። እኔም ትምህርቴን በአንድ ምሳሌ የቋጨልኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ከወደ ኋላ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን አነሣ። አያቱ በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው እንደ ኖሩ አውቅ ነበር።

«እስከዚያ ድረስ መሬቱን ያረሰውስ፣ መምህር?» አለ።

«ጥቂት ሰዎች ነበሩበት» ብዬ መለስሁለት።

«ጥቂት ማለት ስንት ነው?»

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ግን አሳፈረኝና ይህ ከትምህርታችን ውጭ ነው ብዬ ወደ ሌላ አርእስት አለፍሁ። ልጁ ተቀመጠ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻም ሁለተኛ እጁን አላነሣም።

በዚያ ክረምት መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ። ቍጥሩን ማግኘት ያን ያህል አልከበደም፤ የከበደው ለመፈለግ መነሣቱ ኖሮአል። እንግሊዞች ፍልስጥኤምን ይገዙ በነበረ ጊዜ በ1922 ባደረጉት ቈጠራ በአገሩ 757,000 ያህል ሰው ተገኘ፤ ከዚህም ውስጥ አይሁድ 84,000 ያህል ነበሩ። ከዘጠኝ ሰው አንዱ ማለት ነው። ከቀሩት አብዛኞቹ የእስልምና ተከታዮች ሲሆኑ ክርስቲያኖችም ነበሩባቸው፤ የሚያርሱ፣ የሚነግዱ፣ በከተማም የሚሾሙ ሰዎች።

ይህን ባወቅሁ ጊዜ ደግሞ ወደ ሌላው ስሕተት ልወድቅ ምንም አልቀረኝም፤ ይኸውም የመጡትን ሁሉ ለቅሚያ እንደ መጡ አድርጎ ማስተማር ነው። ስለዚህ ለምን መጡ ከሚለው ጀመርሁ። በመስኮብ አገር ንጉሡ ዳግማዊ እስክንድር በ1881 ከተገደለ በኋላ ሕዝቡ በአይሁድ ላይ ተነሥቶ ቤታቸውን ዘረፈ፣ ሰውም ገደለ። ሌዎን ፒንስከር የተባለ የኦዴሳ ሐኪም ቀድሞ አይሁድ ከአገሬው ጋር ተዋሕደው እንዲኖሩ ይመክር ነበር፤ በ1882 ግን ምክሩን ለውጦ፣ አገር የሌለው ሕዝብ በሄደበት ሁሉ እንግዳ ስለሚሆን ራሱን በራሱ ነፃ ያውጣ ብሎ ጻፈ። ከዚያም የቪየና ጋዜጣ ወኪል ሆኖ በፓሪስ የተቀመጠው ቴዎዶር ሄርዝል፣ ድሬይፉስ የተባለው አይሁዳዊ መኰንን በሐሰት ተከሶ በጃንዩወሪ 1895 ማዕርጉ ሲገፈፍ በቦታው ተገኝቶ አየ፤ በሚከተለውም ዓመት የአይሁድ መንግሥት የሚለውን መጽሐፉን አሳተመ።

በ1903 እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ፣ ዛሬ ኬንያ በሚባለው አገር፣ መሬት እንስጣችሁ ባሉ ጊዜ ሄርዝል ነገሩን ለጉባኤው አቀረበ። አጥብቀው የተቃወሙት መከራው ከሁሉ የጸናባቸው የመስኮብ አይሁድ ነበሩ፤ ከጽዮን በቀር ሌላ አንሻም አሉ። በ1905 አሳቡ ተጣለ። ጎረቤቶቻችን ሊሆኑ ነበር ስላቸው ተማሪዎቼ በጣም ይገረማሉ። ከዚህም ይልቅ የሚገረሙት በኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ታሪክ ነው። ይህ ሰው በ1881 ወደ ፍልስጥኤም ገብቶ፣ እንደኛ ግዕዝ ለጸሎትና ለመጽሐፍ ብቻ ቀርቶ የነበረውን ዕብራይስጥ በቤቱ ካልሆነ አልናገርም ብሎ ልጁን በዚያ ቋንቋ አሳደገ። በኢየሩሳሌም የኖረበትም ቤት ከቤተ ክርስቲያናችን ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ፊት ለፊት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ላይ ነው። ግዕዝንም እንደዚያ ማድረግ ይቻል ነበር ወይ እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስጨርሱኛል።

ዳሩ ግን ለዚያ ልጅ ጥያቄ የሚሆነውን ያገኘሁት በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ነው። ቀድሞ የኢየሩሳሌም ከንቲባ የነበረው ዩሱፍ ዲያ አልኻሊዲ በማርች 1899 ለፈረንሳይ አይሁድ ታላቅ ረቢ ለጻዶቅ ካህን ጻፈ፤ ደብዳቤውም ለሄርዝል ደረሰ። አልኻሊዲ አይሁድ በዚያች ምድር ላይ የታሪክ መብት አላቸው ብሎ መሰከረ። ነገር ግን ምድሪቱ ሰው አለባት፤ ያለ ኀይልም ልትያዝ አትችልም፤ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ፍልስጥኤምን ተዉአት ብሎ ለመነ። ሄርዝልም መለሰለት፤ ነዋሪውን ማን ያስወጣዋል፣ እኛ በመምጣታችን ሀብቱ ይበዛለታል እንጂ አለ። ባለርስቱም አራሹም፣ ሁለቱ ተማሪዎቼ የተከራከሩበት ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ መንግሥቱ ከመቆሙ ከአምሳ ዓመት ገደማ በፊት በፖስታ ሄዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የባልፉርን ቃል በሰሌዳ ስጽፍ ሙሉውን እጽፋለሁ። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ባልፉር በኖቬምበር 2 ቀን 1917 ለሎርድ ሮትሽልድ የላከው ይህ ቃል በእንግሊዝኛ 67 ቃላት ብቻ ነው። ለአይሁድ ሕዝብ በፍልስጥኤም ብሔራዊ ማደሪያ እንዲሆን እንረዳለን የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እኔም የምጽፈው ይህንኑ ነበር። በአገሩ የሚኖሩት አይሁድ ያልሆኑ ሰዎች የሲቪልና የሃይማኖት መብታቸው አይነካም፣ በሌላም አገር ያሉት አይሁድ መብታቸው አይጓደልም የሚለውን ግን ኖራ ለመቈጠብ ይመስል እተወው ነበር። ተማሪዎቹም ወዲያው የሚያስተውሉት ነገር አለ፤ ከዘጠኝ ስምንት የሆኑት ሰዎች በገዛ ስማቸው አልተጠሩም፤ አይሁድ ያልሆኑ ተብለው ብቻ ተጠቀሱ።

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሜይ 1936 ከጠላት ወረራ ተሰደው በሐይፋ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ የፍልስጥኤም ዐረቦች ሥራ ማቆም አድማ ከጀመረ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር፤ ዐመፁ እስከ 1939 ቈየ። ዐመፁን ለማፈን በ1938 እንግሊዞችንና አይሁድን ቀላቅሎ የሌሊት ጭፍራ ያቋቋመው መኰንን ዊንጌት ይባላል። ይህን ስም ስናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል። በ1941 ጌዴዎን የተባለውን ጦር ይዞ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም የገባው፣ ስሙ በአዲስ አበባ ለትምህርት ቤት የተሰጠው ዊንጌት ያው ራሱ ነው። ለእኛ ነፃ አውጪ የሆነው ሰው በዚያ በዐረብ መንደሮች ምን ተብሎ ይታወስ ይሆን ብለው ይጠይቃሉ፤ እኔም በበጎ አይታወስም እላቸዋለሁ።

የቀረውን በቶሎ እነግራቸዋለሁ፤ ቶሎ የምለውም ሐዘኑ ከባድ ስለ ሆነ ነው። እንግሊዝ በ1939 የሚገቡትን አይሁድ በአምስት ዓመት 75,000 ብቻ እንዲሆኑ ወሰነች፤ በዚያው ዓመት ጦርነቱ ተነሣ፤ ናዚዎችም ስድስት ሚሊዮን አይሁድ ፈጁ። በሜይ 14 ቀን 1948 ዳዊት ቤን ጉሪዮን በቴል አቪቭ የእስራኤልን መንግሥት ዐወጀ። በማግስቱ የዐረብ መንግሥታት ጦር ገባ። በዚያ ጦርነት 700,000 ያህል ፍልስጥኤማውያን ከቤታቸው ሸሹ ወይም ተባረሩ፤ እንዲመለሱም አልተፈቀደላቸውም። ከ1948 እስከ 1951 ድረስ ደግሞ የዚያኑ ያህል አይሁድ፣ ከአውሮጳ እልቂት የተረፉትና ከኢራቅ፣ ከየመን፣ ከሌላውም አገር የወጡት፣ ወደ እስራኤል ገቡ። በሜይ 1991 ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ከሄዱ ወዲህ ደግሞ ጎረቤቱን የሸኘ ተማሪ አይጠፋም።

መንግሥታት በኖቬምበር 29 ቀን 1947 ፍልስጥኤም ለሁለት ትከፈል በሚለው ላይ ድምፅ ሲሰጡ 33 ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፃቸውን አቀቡ። ከዐሥሩ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ፍርሃት ነው የሚለውም፣ ጥበብ ነው የሚለውም ተማሪ በየዓመቱ ይገኛል፤ እኔ በመካከላቸው አልገባም።

ያንን ዝምተኛ ልጅ በሚከተለው መስከረም ወደ ከፍተኛው ክፍል ሲያልፍ በትምህርት ቤቱ በር አገኘሁት። ይቅርታ ጠይቄ ቍጥሩን የጻፍሁበትን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አንብቦ በአክብሮት መለሰልኝ። «አመሰግናለሁ መምህር፤ ያን ጊዜውኑ ወመዘክር ሄጄ አግኝቼው ነበር» አለኝ።