የአንኮበር ሠራተኛና የሥራ ነገር መርማሪዎች

ዛሬ የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከጎረቤላ ተነሥቶ ወደ ነገሥታቱ ኮረብታ የሚወጣ መንገደኛ በልቡናው የሚመላለሰው የዙፋንና የጦር ታሪክ ነው እንጂ፣ ያንን ዙፋን በእጃቸው ያገለገሉት የሸማኔው፣ የአንጥረኛውና የፈጪይቱ ነገር አይደለም። ሆኖም የሥራን ጠባይ መርምሮ ስለሚመጣው ዘመን ሥራ የመናገር ልማድ በአገራችን ከየት እንደ ተነሣ የሚጠይቅ ሰው ከዚሁ ኮረብታ ሥር ቢጀምር የተገባ ነው።

በ1833 ዓ.ም. ከእንግሊዞች የቦምቤይ መንግሥት ተልኮ ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ዊልያም ሃሪስ፣ ከእርሱም በኋላ በአልዩ አምባ የሰነበተው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን፣ ያዩትን ገበያና እደ ጥበብ በየመጽሐፋቸው ጻፉ። ጽሕፈታቸው ትጉህ ነው፤ ነገር ግን በባዕድ ቋንቋ ለባዕድ አንባቢ የተጻፈ ስለ ነበረ፣ ነገሩ የተጻፈለት ሸማኔ ከድውሩና ከማጉ በቀር ምንም አላተረፈም። በዚያው ዘመን ዲሜጥሮስ የተባለ ባዕድ ለንጉሡ የውኃ ወፍጮ ቢሠራ፣ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው አወገዙትና ቀረ። የእጅ ወፍጮዋ ፊት ተንበርክካ፣ መጁን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሌሊቱን ስትገፋ ለምታድረው ሴት ግን ሐሳቧን የጠየቃት አልነበረም፤ ብትጠየቅ ኖሮ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ውግዘቱ ባልጸና ነበር።

የምኒልክ ነገር ሌላ ነው። በ1871 ዓ.ም. ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር ሲደርስ፣ ንጉሡ አስቀድመው ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ በማዘዝ ጥበቡን ፈተኑት ይባላል። ያንጊዜም ቢሆን የአገሩ ቀጥቃጭ በቀን ማረሻ የሚገዙት፣ በማታ ግን ቡዳ ነው እያሉ የሚሸሹት ሰው ነበር። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ባወጡት አዋጅ አንጥረኛውን ጠይብ፣ ቆዳ አልፊውን ፋቂ እያለ የሚሰድበው ሁሉ እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንዲቈጠር አዘዙ፤ ታላቅ ቃል ነው፣ ዳሩ ግን ስድቡን ከለከለ እንጂ የሠራተኛውን ድህነት ምክንያት አልመረመረም።

ምክንያቱን የመረመረው በድሬዳዋ ጉምሩክ በነጋድራስነት ያገለገለው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። ዕውቀት የጎደለው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካሙን ዕውቀት ባለው ሕዝብ የጥቂት ቀን ሥራ እየለወጠ ዘወትር ተበዳሪ ሆኖ እንደሚኖር፣ ሥራን በሚፈጀው ጊዜ እየመዘነ አስረዳ። በዚህም፣ ገና ስላልመጣው ሥራ ሲናገር ቃሉ ከትንቢት ይልቅ ሒሳብን ይመስላል። የጻፈውም በአማርኛ፣ ለገዢውም ለነጋዴውም እንዲሰማ ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ይህን ያስረዳበት መጽሐፉ የታተመው እርሱ በ1911 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።