ሞስኮን የተገዳደረችው ቴቨር

እኔ ቴቨርን ያወቅኳት ካሊኒን በምትባልበት ዘመን ነው። ይህን ስም ከ1931 እስከ 1990 ይዛው ቆይታለች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄድነው ብዙ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነበርኩና የዚያን አገር ታሪክ ቮልጋ ዳር ሆኜ በሩሲያኛ አነበብኩ። በመማሪያ መጻሕፍቱ ሞስኮ የሩሲያን ምድር የሰበሰበች ናት፤ ቴቨር ደግሞ በመንገዷ የቆመች እንቅፋት። ይህ አነጋገር ያኔም አልዋጥ ብሎኝ ነበር፤ ዛሬም አልተዋጠልኝም።

ከተማዋ ትቬርጻና ትማካ የተባሉት ወንዞች ከቮልጋ በሚቀላቀሉበት ቦታ፣ ከሞስኮ በስተሰሜን ምዕራብ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከኖቭጎሮድ ተነሥቶ በትቬርጻ የሚወርድ ነጋዴ የቴቨርን መስፍን ደጅ ሳይረግጥ ቮልጋ አይገባም። ሩሲያውያን ታታር የሚሏቸው ሞንጎሎች በ1238 የቭላድሚርን ምድር ሲያቃጥሉ እሷም አልተረፈችም። ከዚያ በኋላ ግን የታታር ፈረሰኛ ከሚመላለስበት ከምሥራቁ የሸሸ ገበሬና የእጅ ባለሙያ ወደዚህ ጥግ ጎረፈ። በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የአሌክሳንደር ኔቭስኪ ታናሽ ወንድም ያሮስላቭ ራሷን የቻለች ግዛት አደረጋት። በ1285 በደብረ ታቦር በዓል ስም የድንጋይ ካቴድራል ተጀመረ። ከወረራው ወዲህ በሰሜን ምሥራቅ ሩሲያ የተሠራ የመጀመሪያው ትልቅ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን እርሱ ነው።

በዚያው ዓመት የያሮስላቭ ልጅ ሚኻይል መስፍን ሆነ፤ በ1304 ደግሞ የታላቅ መስፍንነት ሹመት ተቀበለ። ሹመት የሚሰጠው ሞንጎሎቹ ያቆሙት መንግሥት፣ የወርቃማው ኦርዳ፣ ኻን ነበር፤ ደጅ የጠና፣ እጅ መንሻ ያበዛ፣ ግብር የጨመረ ይሾማል። በደጅ ጥናት የሞስኮውን መስፍን ዩሪን የሚያህል አልነበረም። ኦርዳ ከርሞ የኡዝቤክ ኻንን እህት ኮንቻካን አገባ፤ ሹመቱንም ይዞ ካቭጋዲ ከሚባል የታታር አዛዥ ጋር ቴቨርን ሊወጋ መጣ። ሚኻይል በዲሴምበር 1317 ቦርቴኔቮ ላይ ድል መታቸው። የድሉ መዘዝ ግን ብዙ ነበር። የተማረከችው ኮንቻካ ቴቨር ውስጥ ሞተች፤ ተመርዛ ነው ተብሎም ተወራ።

ሚኻይል ኦርዳ ቀርቦ እንዲመልስ ተጠራ። ልጆቹ እኛ እንሂድልህ አሉት። እርሱ ግን ቢቀር አገሩ እንደሚጠፋ ስላወቀ ራሱ ሄደ። ገድሉ እንደሚተርከው አንገቱን በከባድ ግንድ ጠርቀው ከኻኑ ሰፈር ጋር ከቦታ ቦታ ያዞሩት ነበር። ሌሊት ሌሊት ዳዊት ይደግማል፤ እጆቹ ስለታሰሩ አንድ ብላቴና ፊቱ ተቀምጦ ገጹን ይገልጥለታል። ዳዊት ሲደገም እየሰማ ላደገ ሰው ያ ብላቴና ባዕድ አይሆንበትም። አሽከሮቹ ፈረስና መንገድ መሪ አዘጋጅተው አምልጥ ሲሉት እምቢ አለ፤ በኖቬምበር 22 ቀን 1318 ተገደለ። ሬሳው ራቁቱን ተጥሎ ባየ ጊዜ ካቭጋዲ ራሱ፣ እንደ አባትህ የሚቆጠር አይደለም ወይ ብሎ ዩሪን ገሠጸው ይባላል። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን በ1549 ሚኻይልን ከቅዱሳን ቆጠረችው።

የሚኻይል ልጅ ዲሚትሪ በ1325 ዩሪን እዚያው ኦርዳ ውስጥ በሰይፍ ገደለው፤ በዓመቱ እርሱም በኻኑ ትእዛዝ ተገደለ። ወንበሩ ለወንድሙ ለአሌክሳንደር ደረሰ። በ1327 የኻኑ ዘመድ ቾል ኻን መጥቶ አሌክሳንደርን ከግቢው አስወጥቶ ተቀመጠበት፤ ሕዝቡም በሰዎቹ ሲዘረፍና ሲደበደብ ከረመ። የእመቤታችን ዕረፍት በሚከበርበት ቀን፣ በኦገስት 15 ማለዳ፣ ዱድኮ የሚባል ዲያቆን የሰባች ባዝራውን ውኃ ሊያጠጣ ወደ ቮልጋ ሲወርድ ታታሮች ቀሙት። የቴቨር ሰዎች ድረሱልኝ ብሎ ጮኸ። ደወል ተደወለ፤ ከተማው ተነሣ፤ ቾል ኻንም ከገባበት ቤት ጋር ተቃጠለ። የአንድን ሕዝብ መነሣት ከመስፍን ዐዋጅ ሳይሆን ከአንድ ዲያቆን ባዝራ ጀምሮ የሚተርክ ዜና መዋዕል እጅግ እወዳለሁ።

የዩሪ ወንድም ኢቫን ካሊታ ጊዜ አላጠፋም። ኦርዳ ሄዶ የታታር ጦር ይዞ ተመለሰ፤ በዚያው ክረምት ቴቨርን አቃጠላት። አሌክሳንደር ሸሽቶ ፕስኮቭ ወደምትባል ከተማ ሲገባ የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ራስ የሆነው ሜትሮፖሊታን ያስጠጉትን ሰዎች አወገዘ። ቤተ ክህነት ቀድሞም ወደ ሞስኮ አዘንብላ ነበር። ሚኻይል ሜትሮፖሊታን ጴጥሮስን ተቃውሞ ስለነበር ጴጥሮስ ከሞስኮ መሳፍንት ጋር ወዳጅነት አጥብቆ በ1326 እዚያው ተቀበረ፤ ተከታዮቹም መኖሪያቸውን እዚያው አደረጉ። አሌክሳንደር በ1339 ከልጁ ከፌዮዶር ጋር ኦርዳ ውስጥ ተገደለ፤ ካሊታም የካቴድራሉን ደወል አስወርዶ ወደ ሞስኮ ወሰደ። ብዙ የታሪክ ሰዎች ይህን ሁሉ አርቆ አሳቢነት ይሉታል፤ ለአርባ ዓመት ያህል የሞስኮ ምድር ዕረፍት አግኝቷልና። ዕረፍቱ እውነት ነው። ዋጋው የቴቨር ሰው ደም መሆኑ ግን አብሮ ይጻፍ እላለሁ።

ቴቨር እንደገና ተነሣች። በ1375 ሞስኮ ከብባ የበታችነቷን አስፈረመቻት፤ ይሁን እንጂ በመስፍን ቦሪስ ዘመን (1425–1461) ሀብቷም ክብሯም ተመለሰ። የቦሪስ መልእክተኛ ፎማ ፍሎረንስ ድረስ ሄዶ በዚያ ለአብያተ ክርስቲያናት አንድነት በተሰበሰበው ጉባኤ ተገኝቷል። የኛ መነኮሳት ከኢየሩሳሌም ተነሥተው እዚያ የደረሱት በ1441 ነው፤ በሁለት ዓመት ያህል ተላለፉ።

ከቴቨር ሰዎች ሁሉ ለኛ የሚቀርበው ግን አንድ ነጋዴ ነው። አፋናሲ ኒኪቲን በ1460ዎቹ መጨረሻ በቮልጋ ቁልቁል ወርዶ አስትራካን አጠገብ ተዘረፈ፤ በፋርስ አድርጎ፣ ሆርሙዝ ላይ ተሳፍሮ፣ ለሽያጭ የያዘውን ፈረስ ይዞ ሕንድ ገባ። ከቫስኮ ዳ ጋማ ሃያ ዓመት በላይ ይቀድማል። የጸሎት መጻሕፍቱ ስለተዘረፉ የበዓላትና የአጽዋማት ቁጥር ጠፋበት፤ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ሳያውቅ ዓመታት አለፉ። ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥርለት የሌለው ክርስቲያን ጭንቀት በማስታወሻው ውስጥ ደጋግሞ ይሰማል።

ሲመለስ ከዳቦል ወደብ ተሳፈረ፤ መርከቡን ነፋስ ወስዶ እርሱ የኢትዮጵያ ምድር ወደሚለው ጠረፍ ጣለው። ቦታው ዛሬ ሶማሊያ የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። በደጋው የነገሡት ያን ጊዜ ዐፄ በእደ ማርያም ናቸው። ኒኪቲን አምስት ቀን ቆየ። ተሳፋሪዎቹ ሩዝ፣ ቁንዶ በርበሬና ዳቦ ለአገሬው አድለው መርከቡ ሳይዘረፍ እንደተረፈ ጽፏል። ከዚያ በሆርሙዝና በጥቁር ባሕር በኩል አገሩን ሊገባ ሲቃረብ ስሞሌንስክ ሳይደርስ ሞተ። ደብተሩን ነጋዴዎች አምጥተው በ1475 ሞስኮ ላለው ለታላቁ መስፍን ጸሐፊ ለቫሲሊ ማሚሬቭ ሰጡት፤ የሞስኮ ሰዎችም ከዜና መዋዕላቸው ጋር ጠብቀው አቆዩት።

ደብተሩ ሞስኮ በገባ በአሥረኛው ዓመት፣ በሴፕቴምበር 1485፣ የሞስኮው ታላቅ መስፍን ኢቫን ሦስተኛ ቴቨርን ከበበ። መድፎቹን ይዞ የመጣው የሞስኮን የእመቤታችን ካቴድራል የገነባው ጣሊያናዊው ፊዮራቫንቲ ነበር። መስፍን ሚኻይል ቦሪሶቪች በሌሊት ወደ ሊትዌኒያ ሸሸ፤ ግዛቲቱም ከቦሪስ ልጅ ከማሪያ ለተወለደው ለኢቫን ሦስተኛ ልጅ ተሰጠች። ያ ጥንታዊ የቴቨር ካቴድራል በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ አዲስ ታንጾ ነበር፤ በ1935 በፈንጂ አፈረሱት፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ እንደገና ገነቡት። በ1955 ለኒኪቲን ቮልጋ ዳር ሐውልት ቆሞለታል። ፖርቱጋላዊው ፔሮ ዳ ኮቪልሃ አገራችን ከመድረሱ ሃያ ዓመት ያህል አስቀድሞ የተጻፉት የአምስቱ ቀን መስመሮች በኛ ተማሪዎች መጽሐፍ ከፖርቱጋላውያን ታሪክ ፊት ቢገቡ ደስ ይለኛል።