ፍልሚያን የማየት መብት፤ ከጓሳ ሣር እስከ ቦክስ ሥርጭት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ የፍልሚያ ስፖርቶች የሥርጭት መብት ታሪክ ነው። ርእሱ ከአገራችን የታሪክ ጥናት የራቀ የሚመስላችሁ ትኖራላችሁ። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ በትውልድ ከተማዬ በመሐል ሜዳ ያሳለፍኩት አንድ ማለዳ ስለሆነ፣ ከዚያ ልጀምር።

ዕለቱ እሑድ ሚያዝያ 25 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበር። በአሜሪካ ላስ ቬጋስ ገና ቅዳሜ ማታ ሲሆን፣ ፍሎይድ ሜይዌዘርና ማኒ ፓኪያኦ ሊጋጠሙ ነው። በእኛ ሰዓት ንጋት 1 ሰዓት ግድም መሆኑ ነው። የመንዝ ብርድ በሚያዝያም አይለቅምና፣ ከፊላችን ባና ደርበን፣ ቅዳሴ አስቀርተው የመጡት ጎረምሶች ደግሞ እንዳይታወቁ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ከአንድ ዲሽ ቤት አግዳሚ ላይ ተደርድረናል። መግቢያውን ከፍለናል። ሰዓቱ ሲደርስ በመስኮቱ ላይ የመጣው ቡጢኛ ሳይሆን፣ ይህን ዝግጅት ለማየት ፈቃድ የላችሁም የሚል ጽሑፍ ነበር። የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ ሰው፣ ወደ ፊት ወጥተው «ልጆቼ፣ ገንዘባችሁን ውሰዱ። እኔ ወሩን ከፍያለሁ፤ ይኼ ግን ለብቻው ይከፈልበታል አሉኝ» አሉን። ሳንቲም ሳያጎድሉ መለሱልን። ሜይዌዘር በነጥብ ማሸነፉን ከአንድ ሰዓት በኋላ በስልክ ሰማን።

በዚያ ሌሊት በአሜሪካ 4.6 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች እያንዳንዳቸው ወደ 100 ዶላር እየከፈሉ ውድድሩን ገዝተው ነበር። ሻጩ የሸጠው ምንድን ነው? ቡጢው አይደለም፤ ማየቱን ነው። ማየት እንዴት ንብረት ሊሆን ቻለ? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

መልሱን በከፊል ያገኘሁት ከዚያው ከመሐል ሜዳ ጥቂት ርቆ ከሚገኘው የጓሳ ምድር ነው። ብዙዎቻችሁ ጓሳን በቀይ ቀበሮውና በጭላዳው ታውቁታላችሁ። ለታሪክ ተማሪ ግን ጓሳ የሕግ ቤተ መዛግብት ነው። የመንዝ አባቶች ከሆኑት ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለ አጽመ ርስቶች፣ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት፣ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት ነበር። በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ያስጠብቁት ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ከፍተው ለቤት ክዳንና ለከብት ያጭዱት ነበር። ሣሩን እግዜር ያበቀለው ነው፤ ዋጋ የሚኖረው ግን አጥር ሲኖረው ነው። የማይታይ አጥር፣ የታወቀ ጠባቂ፣ የተቆረጠ የመክፈቻ ቀን፤ እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ። የሥርጭት መብት ታሪክም የእነዚህ የሦስቱ ታሪክ ነውና።

በመጀመሪያ የቦክስ አጥር እውነተኛ አጥር ነበር። ባለ ገንዘቡ ገብቶ ያያል፤ የሌለው በውጭ ሆኖ ጩኸቱን ይሰማል። ይህን የለወጠው ካሜራ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ አንድ ዓመት እንደሞላ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 17 ቀን 1897፣ በኔቫዳ ካርሰን ከተማ ኮርቤትና ፊትዝሲመንስ ያደረጉት ግጥሚያ ተቀረጸ። ፊልሙ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚረዝም በመሆኑ በዘመኑ እንግዳ ነገር ነበር። ግጥሚያው አንድ ቀን ቢሆንም ማየቱ ለዓመታት ሊሸጥ እንደሚችል ነጋዴዎች የተረዱት ያኔ ነው። ቀጥሎ ሬዲዮ መጣ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1921 ዴምፕሲና ካርፐንቲየ ሲጋጠሙ የመግቢያው ገቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ ውድድሩም በሬዲዮ ተላለፈ። ድምፅ ግን አጥር አያውቅም፤ መቀበያ ያለው ሁሉ በነጻ ይሰማል።

እዚህ ላይ የአገራችን ስም ይመጣል። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም፣ ጥቁሩ አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ ጣሊያናዊውን ፕሪሞ ካርኔራን ገጠመው። ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እያጓጓዘ ነበርና፣ ጋዜጦችም ሕዝቡም ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የኢጣሊያ ውጊያ አድርገው አዩት። ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ተሰበሰበ፤ ጠብ እንዳይነሣ ፖሊስ በብዛት ተሰማራ። ሉዊስ በ6ኛው ዙር አሸነፈ። ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ቆይቶ የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። በኋላ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በሸዋ ጋራዎች የተዋደቁት አርበኞች መካከል፣ በሩቅ አገር በስማቸው ቡጢ እንደተሰነዘረ የሰማ ስንት እንደነበር መገመት ይቻላል፤ ከጣት አይበልጥም። ትርጉሙ የእኛ ነበረ፤ ማየቱና ገቢው ግን የሌላ ነበረ። ይህን ሁኔታ ደጋግመን እናገኘዋለን።

የቦክስ ነጋዴዎች ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ነጻነት የሰጡት መልስ ዝግ ሥርጭት ነው፤ ምስሉን በሽቦና በሳተላይት ወደ ሲኒማ ቤቶች ልኮ በር ላይ ትኬት መቁረጥ። የዚህ ዘዴ ከፍተኛ ምዕራፍ ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. በኪንሻሳ የተካሄደው የመሐመድ አሊና የጆርጅ ፎርማን ግጥሚያ ነው። ሞቡቱ ለእያንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈላቸው አደረገ። አሊ በ8ኛው ዙር ፎርማንን ዘረረው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ግጥሚያው የተጀመረው በኪንሻሳ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ለምን? በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ምሽት እንዲሆን ነው። ውድድሩ በአፍሪካ ምድር ተደረገ፤ ሰዓቱን የቆረጠው ግን የማየቱ ባለቤት ነው። በዚያን ጊዜ በአገራችን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ሁለት ወር አልሞላም፤ ቴሌቪዥናችንም ገና ዐሥር ዓመቱ ነበር።

በዓመቱ የማኒላው ግጥሚያ በሳተላይት አማካይነት ወደ አሜሪካ የኬብል ደንበኞች ቤት ገባ። አጥሩ ከሲኒማ ቤት በር ወደ ሳሎን ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በውድድር ሒሳብ መክፈል ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ነገሠ፤ ዛሬ ደግሞ የኢንተርኔት ሥርጭት እየተካው ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 15 ቀን 2024 ኔትፍሊክስ የማይክ ታይሰንንና የጄክ ፖልን ግጥሚያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለደንበኞቹ አሳየ። ፓራማውንት ደግሞ የዩ ኤፍ ሲን የአሜሪካ መብት ከ2026 ጀምሮ ለ7 ዓመት በ7.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። በውሉ መሠረት በውድድር ሒሳብ መክፈል በአሜሪካ ቀርቶ ወርኃዊ ክፍያ ብቻ ይሆናል።

የቤቱ ባለቤት የተናገሩት ችግር ታዲያ ተፈታ ማለት ነው? አይመስለኝም። ወርኃዊው ክፍያ በውጭ ምንዛሪ የተሰላ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከሁሉ በላይ ግን የኢንተርኔት ሥርጭት ለአንድ ሰው ስልክ የተቀየሰ ነው። የመሐል ሜዳ ሰው በአግዳሚ ላይ ተደርድሮ ማየትን ያውቃል፤ ውሉ ግን አግዳሚውን አያውቀውም። ሕጋችንም ቢሆን ከ1996ቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ጀምሮ የአሠራጩን መብት አስከብሯል። የተመልካቹ ስም ግን በዚያ ውስጥ የለም።

አጥሩ ይፍረስ እያልኩ አይደለም። አጥር ባይኖር አሊ 5 ሚሊዮኑን አያገኝም ነበር። የእኛም ቡጢኞችና ትግለኞች ድሆች የሆኑበት አንዱ ምክንያት ድካማቸውን የሚያስከብር አጥር ስለሌላቸው ነው። ሰሎሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በቴኳንዶ አገሩን ሲወክል፣ ከኋላው የነበሩት የሠፈር ማሠልጠኛዎች ከየትኛው የሥርጭት ገቢ ተደጎሙ? እግር ኳሳችን በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የፕሪምየር ሊጉን መብት ለዲ ኤስ ቲቪ ለአምስት ዓመት ሲሸጥ አዲስ በር ተከፍቷል። የፍልሚያ ስፖርቶቻችንም ነገ ከዚያው በር መቆማቸው አይቀርም። ያን ቀን ምን ይዘው ይቁሙ?

ወደ ጓሳ ልመለስ። ቄሮ ሣሩን ይዘጋ ነበር፤ ግን የመክፈቻ ቀን ነበረው። አለቃውም ከተጠቃሚዎቹ መካከል የተመረጠ ነው። ሌሎች አገሮችም ለስፖርት የመክፈቻ ቀን አበጅተዋል። እንግሊዝ በ1996 የብሮድካስቲንግ ሕጓ ታላላቅ ውድድሮች ነጻ ቴሌቪዥን ሊያገኛቸው እንደሚገባ ዘርዝራለች። ሕንድም በ2007 ባወጣችው ሕግ ባለ መብቱ የታላላቅ ውድድሮችን ምስል ለሕዝብ ጣቢያው እንዲያካፍል አስገድዳለች። ቄሮን ግን ከእውነቱ በላይ ላሞግሰው አልፈልግም። ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነ ሰው አጥሩን በውጭ ሆኖ ያየው ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ እፎይ ያለ ሰው እንደነበረ ሁሉ፣ ሣሩ ያለ ጠባቂ ሲራቆት ያዘነም ነበረ። በኋላ ማኅበረሰቡ ምክር ቤት አቋቁሞ ጥበቃውን ሲመልስ፣ በዘር የተወሰነውን ድንበር አስፍቶ ነው። ከታሪኩ የምወስደው ትምህርት ይህ ነው፤ አጥር ያለ በር ዝርፊያ ነው፤ በር ያለ አጥር ደግሞ ምድረ በዳ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ መካከል የሕግ ተማሪዎች የሆናችሁ፣ ነገ የፌዴሬሽኖቻችንን ውል የምትጽፉ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። የመክፈቻው ቀን መቼ ነው? ጠባቂውን ማን መረጠው? አግዳሚው በውሉ ውስጥ ቦታ አለው ወይ? በዚያች እሑድ ገንዘባችንን የመለሱልን አባት የሕግ ሰው አልነበሩም። ያላሳዩትን ነገር ዋጋ መያዝ እንደማይገባ ግን ያውቁ ነበር። ሕጋችን ከእርሳቸው ቢያንስ ያሳፍረናል።